ቆዳ ያልነካው ምላጭ

አጎቴን መንገድ ላይ በስሙ ብትጠሩት ዞር አይልም። ላባ ካላችሁት ግን የሰፈሩ ግማሽ አብሮት ይዞራል። ላባ የተባለው እጁ ፊት ላይ ሲያርፍ ስለማይታወቅ ነው። ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ሳሙና ተቀብቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ መቼ ነው የምትጀምረው ብሎ ሲጠይቀው እሱ ፎጣ እያራገፈ ተነስ፣ ጨርሰሃል ይለዋል። በዓይኔ አይቻለሁ፣ ምን አስዋሸኝ።

እኔ የእህቱ ልጅ ነኝ። ትምህርቱ እንኳን ብዙም አልገፋልኝም። ምላጭ ስለማፋጨት ግን ጠይቁኝ፣ ጆሯችሁ እስኪደክም አወራላችኋለሁ። ብዙ ሰው ምላጭ ሲባል የሚያውቀው ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን፣ ተጠቅመውበት የሚጥሉትን ነው። እኔ የምላችሁ ያኛውን ነው፤ እጀታው ውስጥ ታጥፎ የሚገባውን፣ ሲዘረጉት መዳፍ የሚያህለውን፣ ልጅ ከአባቱ የሚወርሰውን። እሱ አይጣልም፣ ይሳላል። መጀመሪያ ድንጋይ ላይ፣ ከዚያ ቆዳ ላይ። ዋናው ነገር ያለው ቆዳው ላይ ነው። የአጎቴም ነገር የሚጀምረው ከቆዳ ነው። ደም ያለበት ነገር ነው፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ሆዳችሁ የማይችል ካላችሁ ስለ ምላጩ ያለውን ብቻ አንብባችሁ ተነሱ።

አያቴ፣ ማለት የእናቴና የአጎቴ አባት፣ ፀጉር ቤት ነበራቸው። አንድ ወንበር፣ አንድ ትልቅ መስታወት፣ ተራ መጠበቂያ አግዳሚ፣ እና ግድግዳው ላይ ከሚስማር የተንጠለጠለ ሰፊ ቆዳ፤ ጫፉ ላይ የብረት መያዣ ያለው። የቤቱ ሕግ አንድ ነበር። ምላጭ ቆዳ ላይ ሲያመላልሱ ጫፍ ላይ በጀርባው ነው የሚገላበጠው። በአፉ በኩል የገለበጠው ሰው ቆዳውን ይቆርጠዋል። የተቆረጠ ቆዳ ደግሞ ከዚያ በኋላ ለምላጭ አይሆንም፣ ጭረቱ ስለቱን ይበላዋል። አያቴ ታዲያ አይጥሉትም። ከሚስማሩ ያወርዱትና በቆረጠው ልጅ ጀርባ ላይ ያውሉታል። የቆረጥከው ይቁረጥህ ይሉ ነበር፣ በየምቱ መሃል፣ ቀስ ብለው፣ እንደ ጸሎት። አጎቴ ሸሚዙን ሲያወልቅ ጀርባው የታረሰ መሬት ነው የሚመስለው። እናቴም አልቀረላትም። ሴት ልጅ ናት ብለው አላለፏትም፣ በዚህ በኩል አያቴ እኩልነት ያውቁ ነበር። የሷ ሥራ ሚስማሩ ሲላላ ቆዳውን ከጫፉ ይዞ መወጠር ነበር። ካላላችው እሷም ትቀምሳለች።

ሰው የላባን እጅ ያቀለለው ዱላው ነው ይላል። እኔ አልቀበልም። ዱላ እጅ አያቀልም፣ ትከሻ ነው የሚያጎብጠው። እጁን ያቀለለው ራሱ ነው፣ ቆዳውን እያዳመጠ።

ስሙኝማ፣ አሠራሩ እንዲህ ነው። ቆዳውን በግራ እጅ ወጠር። ከላላ ምላጩ ውስጡ ይሰምጥና ስለቱ ይዶለዱማል። ምላጩን አስተኙት፤ ጀርባውም አፉም እኩል ቆዳውን ይንካ። ከዚያ በጀርባው ንዱት። ጀርባው ይቀድማል፣ አፉ ይከተላል። ጫፍ ስትደርሱ ሳታነሱት በጀርባው ገልበጥ፣ መልሳችሁ ወደ ራሳችሁ። አትጫኑት። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሳሳተው፤ ጉልበት ስል የሚያደርግ ይመስለዋል። የራሱ ክብደት ይበቃዋል። ጥሩ ሲሄድ ሿ፣ ሿ የሚል ድምፅ አለው፣ የታጠበ አንሶላ ሲያጥፉት እንደሚሰማው። እኔ ያንን ድምፅ ስሰማ እንቅልፌ ይመጣል፣ ደስ ብሎኝ።

ድንጋዩ ብቻ ለምን እንደማይበቃ ደግሞ ልንገራችሁ፣ ኋላ ስለሚያስፈልጋችሁ። ከድንጋይ የተነሳ ምላጭ አፉ ላይ ዓይን የማያየው ቀጭን የብረት ጭራ ይቀርበታል። አጎቴ አሉባልታ ነው የሚለው። ጣት ሲያስጠጉት ይነክሳል፣ የክንድ ፀጉር እንኳን ይላጫል፣ ስል ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። እውነተኛ ነገር ፊት ለፊት ሲገጥመው ግን ያ ጭራ እጥፍ ይላል፣ ምላጩም ምላጭ መሆኑ ይቀራል። ያንን የሚያራግፈው ቆዳ ነው። ይሄን የሚያውቀው ባለሙያ ነው፣ ሌላው በአውራ ጣቱ ነው የሚያምነው።

አያቴ ሲሞቱ ሱቁ ለአጎቴ ቀረ። ሱቁ መናኸሪያው አጠገብ ነበር፤ መናኸሪያው ደግሞ በስፌት እጅ። ስፌት ስል ልብስ ሰፊ እንዳይመስላችሁ። እሱ የነካው ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ስለሚሰፋ ነው ስሙ። አንድ ቀን መጣና ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ከኪሱ የራሱን ምላጭ አወጣ፣ ሳልልኝ አለው። አጎቴ በትህትና የምስለው የሱቄን ዕቃ ብቻ ነው አለው። ስፌት ሁለተኛ አልተናገረም። ተነሳ፣ ማጅራቱን ያዘና ግንባሩን ከመስታወቱ ጋር አጋጨው። አንድ ጊዜም አይደለም። መስታወቱ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ ከዚያ በኋላ ያንን ወንበር የተቀመጠ ሁሉ ራሱን ሁለት ሆኖ ነው የሚያየው። አጎቴ ከቅንድቡ ስባሪ ለቀመ፣ እጁን ታጠበ፣ ደሙ ድንጋዩ ላይ ጠብ እያለ ሳለለት።

ከዚያ ወዲህ ስፌት ሲመጣ ይስልለታል። ራሱን የሚያባብልበት ነገርም አገኘ። እኔ ብረት ነው የምስለው፣ የሚቆርጠው ሌላ ነው ይል ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚለውን አጥቶት አይደለም፣ አፉ ላይ ነበር፣ ዋጠው።

ታዲያ አንድ ጎረምሳ ሹፌር ሊላጭ መጣ። ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ጠባሳ አለው፤ ቀጥ ያለ፣ ክር የሚያህል። ጠባሳ እንደ ስለቱ ነው። ደነዝ ነገር ሥጋ ይቦጭቃል፣ ሲድን ገመድ ይመስላል። በደንብ የተሳለ ምላጭ ሥጋውን ሳያስቀይም ይከፍተዋል፣ ሲዘጋ ክር ነው። ሹፌሩ የሰፋኝ ጎበዝ ሐኪም ነው ብሎ ሲኩራራ አጎቴ ብሩሹን ጣለው። ሐኪሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ሊለው አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ሰውየውን ላጭቶ ሸኘ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የሰው ፊት ማየት ፈራ። የራሱን ሥራ ያይ ነበር፣ እዚህም እዚያም፣ ዳቦ ቤቱ በር ላይ፣ የአውቶቡስ መስኮት ውስጥ።

አሁን አባቴ ይግባ። አባቴ መናኸሪያው ውስጥ ተሸካሚ ነበር፣ ክሬን ይሉታል፣ ምን እንደሚያነሳ ከስሙ ገምቱ። እናቴን ካገባ ገና ጥቂት ጊዜው ነበር፣ እኔ አልተወለድኩም። የስፌት ጎረምሶች የተሸካሚውን ተራ እንደፈለጉ ያገላብጡት ነበር፣ ሰውም ለምዶት ዝም። አንድ ጠዋት ስፌት ራሱ አንድ ሽማግሌ ተሸካሚን ከተራቸው ሲያወጣቸው አልሄድ አሉ። ሻንጣ ጀርባቸው ላይ እንዳለ ረገጣቸው። ተደፉ፣ ሻንጣው ከላያቸው ወደቀ። አባቴ የያዘውን ማዳበሪያ ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ ሄደና ስፌትን በጥፊ አለው። በቡጢ አይደለም፣ በጥፊ፣ እንደ ልጅ። ስፌት በቂጡ ቁጭ አለ። ጫማ ጠራጊዎቹ ሳቁ፣ ሹፌሮቹ ሳቁ፣ ተሳፋሪ ሳይቀር ሳቀ። ስፌትን ከጥፊው በላይ የገደለው ሳቁ ነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ስፌት አጎቴ ሱቅ መጣ፣ ሁለት ጎረምሳ አስከትሎ። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ምላጩን ሰጠው።

«የእህትህ ባል ጥሩ ጉሮሮ አለው» አለው። «ዛሬ ከልብህ ሳልልኝ።»

ዝምድናውን ያውቃል። ስለሚያውቅ ነው የመጣው፤ ሌላ ቦታ ማሳል አቅቶት አይደለም፣ የቤተሰቡ እጅ እንዲኖርበት ፈልጎ ነው። አጎቴ ደግሞ እምቢ ቢል ስፌት እሱን እዚያው ጥሎት፣ የወጥ ቤት ቢላ ይዞ ወደ አባቴ እንደሚሄድ ያውቃል። እሺ ብሎ ቢስል እናቴ ባሏን ትቀብራለች። ምላጩ እጁ ላይ፣ የእህቱ ትዳር ምላጩ ላይ።

ድንጋዩን አረጠበ። ረጅም ሰዓት ሳለ፣ ከልማዱ በላይ፣ አንዱን ጎን ከሌላው አብዝቶ፣ አሉባልታው እንዲጠነክር። ከዚያ ወደ ቆዳው ዞረ። ስፌት ከኋላው ቆሞ ያያል። አጎቴ ወጠረ፣ አመላለሰ፣ ገለበጠ፣ ድምፁም ሿ፣ ሿ። አያቴ እንኳን ቢያዩት እጁን ያመሰግኑ ነበር። ግን የሚሄደው ጀርባው ብቻ ነው። አፉን ከቆዳው ላይ በፀጉር ስፋት ከፍ አድርጎታል። አንዲት ምት ብትነካ ጭራው ይረግፋል፣ ምላጩ ይሳላል፣ አባቴም ያልቅለታል። እኔ ይሄን ሞክሬዋለሁ፣ በባዶ ሱቅ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ አልቻልኩም። እሱ የቻለው ሰውየው ማጅራቱ ላይ እየተነፈሰበት ነው።

ስፌት በአውራ ጣቱ ሞከረው፣ ነከሰው። ክንዱ ላይ ሞከረው፣ ፀጉሩ ረገፈ። እጅህ ይባረክ ብሎ የአጎቴን ጉንጭ መታ መታ አደረገና ወጣ። አንደኛውን ጎረምሳ በሩ ላይ ተወው፤ ወሬው እስኪመጣ እንዳይወጣ። አጎቴ አባቴን ሄዶ እንዳያስጠነቅቀው ማለት ነው። ደንበኛ ሲገባ ምን ያድርግ፣ ልቡ አባቴ ጋ እንዳለ አስቀምጦ ላጨ። ያን ቀን የተላጨው ሰውዬ ምን ያህል ለሞት ቀርቦ እንደነበር ዛሬም አያውቅም።

ስፌት አባቴን ያገኘው ከአውቶቡስ ጣሪያ ዕቃ ሲያወርድ ነው። ሁለት እጁ ሻንጣ ይዟል። ከኋላው ፀጉሩን ያዘ፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀለበሰና ምላጩን ከጆሮው ሥር ጀምሮ ጎተተ። ኮሌታው ተቆረጠ። ኮሌታው ላይ ነው አሉባልታው ያለቀው። ከዚያ በኋላ ምላጩ ብረት ብቻ ሆነ፤ ቆዳ ጎተተ፣ ቦጨቀ፣ ተንሸራተተ፣ ወደ ውስጥ ግን አልገባም። አባቴ ሻንጣውን እንደያዘ ዞረ። በሻንጣው ነው መጀመሪያ የመታው፣ ከዚያ በክርኑ፣ ከዚያ ላዩ ላይ ወጥቶ በቡጢ፣ ደሙ እየፈሰሰበት፣ የስፌት መንጋጋ ከቦታው ወጥቶ ወደ ጎን እስኪሄድ። ሌሎቹ ተሸካሚዎችም የዓመታት ቂማቸውን አወጡ፤ የተረገጡት ሽማግሌ ሳይቀሩ ጫማቸውን አውልቀው በተረከዙ ነረቱት። ስፌት መሬት ላይ ሆኖ፣ አፉ ደም ሞልቶ፣ አንድ ነገር ተናገረ። ላባ ነው የሳለልኝ፣ የሚስትህ ወንድም ነው፣ አለ። ሰው ሁሉ ሰማው። እናቴ ሐኪም ቤት ደርሳ ባሏን ሳታይ በፊት ይሄን ነገሯት።

እናቴን ብታውቋት ኖሮ ምን እንዳደረገች አልነግራችሁም ነበር፣ ትገምቱት ነበር። ቀጥ ብላ ሱቁ ገባች። ወንበሩ ላይ ግማሽ ፊቱ ሳሙና የሆነ ሰው አለ። አግዳሚው ላይ ደግሞ አንድ የስፌት ወዳጅ ጋዜጣ ከፍቶ ተቀምጧል፣ ጆሮው ግን ጋዜጣው ላይ አይደለም። እናቴ አንተ ነህ ወይ የሳልከው አለችው። አጎቴ ማለት የሚችለው ብዙ ነበር። ግን የስፌት ወዳጅ እየሰማ አልሳልኩትም ቢል ያንኑ ቀን ይታረዳል።

«እኔ ነኝ» አላት።

ቆዳውን ከነሚስማሩ ነቀለችው። ፊቱን፣ አንገቱን፣ ያገኘችውን። የብረቱ መያዣ ጆሮውን ሰነጠቀው። ግማሽ የተላጨው ሰው ከነሳሙናው ተነስቶ ሮጠ። አጎቴ እጁን እንኳን አላነሳም። መሃል ላይ ምን ቢላት ጥሩ ነው፣ ስትጨርሺ ቆዳውን ቦታው መልሺው። ንቀት መሰላትና እንደ አዲስ ጀመረች። ሲደክማት ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም፣ ሞቶ ቀብሬዋለሁ ብላ ቆዳውን ይዛው ሄደች። አጎቴ ያን ቀን ካገኘው ዱላ ሁሉ ቃሏ ነው ዘልቆ የገባው። አንድ እህት ነች ያለችው። ነፍሱን ለማትረፍ ዝም ባለ ቁጥር እሷን ያጣታል፣ እሷን ለማግኘት ከተናገረ ነፍሱን። ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀመጠ። ቆዳ ስለሌለውም ሥራ ቀዘቀዘበት፣ ላባ እጁ ከበደ ተባለ።

አባቴ ቤት ተኝቶ ቁስሉን የምታጥበው እናቴ ነበረች። አንድ ጠዋት ፋሻውን ስትፈታ እጇ ቆመ። ቁስሉ ጠርዙ የተበጣጠሰ ነው፣ እንደ ተቀደደ ጨርቅ። እንዴት ነበር ሲቆርጥህ ብላ ጠየቀችው። አባቴ መጀመሪያ ኮሌታዬን እንደ ቅቤ፣ ከዚያ እኔን እንደ መጋዝ አላት። እናቴ የፀጉር ቆራጭ ልጅ ናት፣ ልጅነቷን ቆዳ ስትወጥር ነው ያሳለፈችው። ፎጣውን ውሃው ውስጥ ጣለች። ይሄ የወንድሜ ስለት አይደለም አለች። አባቴ ምን ማለት ነው ሲላት አልጋው ሥር የወረወረችውን ቆዳ አውጥታ ነጠላዋን ለበሰች።

ስፌትም በዚያው ሰሞን መንጋጋው በሽቦ ታስሮ በቀጭን ቱቦ ሾርባ ይጠጣ ነበር። መናገር ያቃተው ሰው ማሰብ ይጀምራል። ምላጩን ወደ ሌላ ሰፈር ላከው፤ እዚያ ያለው ፀጉር ቆራጭ ብርሃን ላይ አዙሮ አየውና ይሄ ከድንጋይ ከተነሳ ቆዳ አልነካም፣ አፉ ተጣጥፏል አለ። ሰውየው ክፋት አስቦ አይደለም፣ የጠየቁትን መለሰ። በቃ፣ የፈሩት ይደርሳል።

እናቴ ሱቁ ገብታ ቆዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ይቅርታ እንዴት እንደሚጠየቅ አታውቅም፣ በቤታቸው አልተለመደም። አጎቴም እንዴት እንደሚጀምር አያውቅም። ጆሮህ ዳነ ወይ አለችው፣ ይሰማል አላት። እዚህ ላይ እያሉ ነው ስፌትና ሁለቱ ጎረምሶች ገብተው በሩን ከውስጥ የዘጉት።

ስፌት ምላጩን መደርደሪያው ላይ ወረወረ። ጥርሱ በሽቦ ስለተያያዘ ቃሉ የሚወጣው በፉጨት ነው።

«አሁን ሳል። አሁን አፉ ቆዳውን ሲነካ አያለሁ።»

ሚስማሩ ተነቅሏል። ስፌት እናቴን ጫፉን ያዢ አላት። አንደኛው ጎረምሳ ፀጉሯን ይዞ ከአግዳሚው አስነሳትና አስያዛት። አጎቴ ምላጩን ድንጋዩ ላይ ስሎ መጥቶ ፊቷ ቆመ። ቆዳው በሁለቱ መካከል። እናቴ አውቃ አላላችው፤ ምላጩ እንዲዶለዱም ነው፣ እስከቻለችው ልታበላሸው። አጎቴ ጎንበስ አለና እሷ ብቻ እንድትሰማው ተናገረ።

«ወጥሪው እህቴ። ደነዝ ይቦጭቀኛል።»

ገባት። እግሯን አስደግፋ እስከ ጫፉ ወጠረችው። እንግዲህ አስቡት፤ ልጆች ሆነው እንደነበረው፣ እሷ ትወጥራለች እሱ ያመላልሳል፣ ከበላያቸው የሚመታ ሰው ቆሟል። አጎቴ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ስሎ አያውቅም። አልቸኮለም። አፉን አስተኛው፣ ጀርባው ቀደመ፣ አፉ ተከተለ፣ ገልበጥ፣ መልስ። እናቴ ድምፁ ሲቀጥን፣ ሲቀጥን፣ ከዚያም ሲጠፋ ሰማሁ ትላለች። ሲጨርስ ምላጩን አጥቦ፣ በንጹህ ፎጣ ጠርጎ፣ ፊቱን አዙሮ ጉንጩን ሰጠ። ፊቴ ነው ብሎ ነው የተዘጋጀው።

ስፌት ግን ፊቱን አልፈለገም። ጎረምሶቹ ቀኝ እጁን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አስተኙት፣ አንዱ በጉልበቱ ክርኑን ተጫነ። ስፌት አውራ ጣቱ ሥር ላይ አንዴ ሳበ። አንዴ ብቻ። አጎቴ አልጮኸም፣ መጀመሪያ አልተሰማውም፣ እስከዚያ ድረስ ስል ነበር። ጣቱ ጠብ ሳይል፣ እንደ ተቆረጠ ክር ላላ ብሎ ሲንጠለጠል ነው ያወቀው። ደሙ መስታወቱ ድረስ ሄደ።

የጮኸችው እናቴ ናት። ቆዳው እጇ ላይ ነበር፣ ያስያዟት ራሳቸው ናቸው። የብረቱን ጫፍ አዙራ የስፌትን መንጋጋ መታችው፣ ሽቦው ላይ። ሽቦው በከንፈሩ ወጣ። ሰውየው እንደ ከብት አጓራ፣ ምላጩን ጣለ፣ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። ደገመችው። ጎረምሶቹ ሊይዟት ሲመጡ አጎቴ በግራ እጁ ምላጩን ከመሬት አንስቶ ቆመ፣ ቀኙ ደም እያፈሰሰ። ያ ምላጭ ምን ያህል እንደተሳለ ያየ ሰው አይጠጋም። ጌታቸውን በብብቱ ይዘው ጎትተው ወጡ። ውጪ ላይ ተሸካሚዎቹ ጩኸቱን ሰምተው መጥተው ነበር፤ ከዚያ የሆነውን እናቴ አላየሁም ትላለች፣ ሰምታለች ግን። ስፌት ከዚያ በኋላ መናኸሪያው አካባቢ አልታየም። ሌላ አገር ሆኖ ዛሬም በቱቦ ነው የሚበላው ይባላል፣ እሱ እንኳን ወሬ ሳይሆን አይቀርም።

ሐኪሟ ቁስሉን ስታይ ደስ አላት አሉ። የጅማቱ ጫፎች ንጹህ ስለሆኑ አገናኝታ ሰፋችው። ጣቱ ዛሬ ግማሽ ይታጠፋል። ሥራውን ግን ወደ ግራ ማዞር ነበረበት፣ ማፋጨቱንም መላጨቱንም፣ እንደ አዲስ ተማሪ። በግራ እጁ ሲጀምር ስንት ቆዳ እንደቆረጠ አትጠይቁኝ። ማንም አልገረፈውም። እናቴ አዲስ ቆዳ እየገዛች ታመጣና የቀድሞውን ለጫማ ሰፊው ትሰጠዋለች።

ደንበኛ ግን ጠፋ። ለግራ እጅ ላባ አንገታችንን አንሰጥም ብለው ሸሹ፣ አልፈርድባቸውም። ወንበሩ ባዶውን ሰነበተ። በዚህ መሃል አንድ ቀን አባቴ መጣ፤ እናቴ የሆነውን ሁሉ ነግራዋለች። የሱ ጠባሳ እንደ ገመድ ነው፣ ጎርበጥባጣ፣ ፂም መሃል ለመሃል ይበቅልበታል፣ እንኳን ግራ እጅ ቀኝ እጅም ያስቸግራል። ተቀመጠ፣ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ አደረገ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ መግባትም መውጣትም አልቻለችም። አጎቴ ሳሙናውን ቀባው፣ ምላጩን አመላለሰ፣ ከዚያ ቆመ። እጄን አላምነውም፣ ብቆርጥህስ አለው።

አባቴ ዓይኑን አልገለጠም።

«አንዴ ስተኸኛል» አለው። «ሁለተኛውን ደግሞ እንይህ።»

ቆረጠው። አገጩ ላይ፣ ትንሽ። አባቴ ምን ያላለው ነገር አለ፣ ዘር ማንዘሩን ሰደበ፣ የሚስቱም ዘር መሆኑን ረስቶ። እናቴ ጥጥ ይዛ እየሳቀችና እያለቀሰች ገባች። ሳምንቱ ሲመለስ ግን አባቴ እዚያው ወንበር ላይ ነበር፣ ሁለት የሚጠራጠሩ ደንበኞችም ሊያዩት አግዳሚው ላይ።